እኛ ከወንዙ ማዶ የምንኖር

ሰኞ ዕለት ከሰዓት በኋላ ወንድሜ ደወለልኝ። «ሦስት ቤት ነው የቀረን፣ ባጃጇን ይዘህ ና» አለ። ከገበያ ወደ ዩኒቨርሲቲው፣ ከዩኒቨርሲቲው ወደ መናኸሪያ ስመላለስ ውዬ ደክሞኝ ነበር። «ነገ አይሆንም?» አልኩት። «ነገማ ሌላ ሥራ አለ» ብሎ ዘጋው። ሄድኩ።

ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። በአንድ እጁ ጃንጥላ፣ በሌላው ሰማያዊ ክላሰር ይዟል። ከኋላ ሰፊ ቦታ እያለ እንደ ልማዱ ከጎኔ ተጠብቦ ተቀመጠ። ትራፊክ ካየን እንደምንቀጣ ስንት ጊዜ ነግሬዋለሁ። «ከኋላ ስቀመጥ ተሳፋሪ እመስላለሁ» ይላል። ያን ቀንም እንደዚያው አለ። ይህን ለምን እንደምጽፍ አላውቅም። የመጨረሻው ተራ ቀን ስለሆነ ሁሉንም ማስቀመጥ ፈልጌ ይመስለኛል። ሁሉንም ግን አላስታውስም።

ወንድሜን ጋሼ ነበር የምለው። በአሥራ ሁለት ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ሲሞት እኔ ገና ፊደል አልቆጠርኩም ነበርና ያሳደገኝ እሱ ነው። እሱ መምህር ሆነ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨረስኩ፣ ውጤት አልመጣልኝም፣ ባጃጅ መንዳት ጀመርኩ። የምኖረውም በእሱና በባለቤቱ ግቢ፣ ከጀርባ ባለችው ክፍል ነው። ባለቤቱን እትዬ እላታለሁ።

ጋሼ ሥነ ዜጋ ያስተምር ነበር። በየዓመቱ አንድ ክፍለ ጊዜ ስለ አዲስ አበባ ይናገራል። ዋና ከተማዋ ራሷን በራሷ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን እንዳላት፣ ይህም በሕገ መንግሥቱ እንደተጻፈ፣ የራሷ ቻርተር እንዳላት ሰሌዳው ላይ ይጽፋል። እኔንም ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ አስተምሮኛል። ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ «መምህር፣ የቦንጋስ?» አለ። ክፍሉ በሙሉ ሣቀ፤ እኔም ሣቅሁ። ያን ጊዜ ቦንጋ የዞን ከተማ ናት፣ ምን ቻርተር አላት? ጋሼ ግን አልሣቀም። «የኛም ይጻፋል» አለና ሰሌዳውን አጠፋ።

ከዚያ ክልሉ አዲስ ተቋቋመ፣ ከተማችንም መቀመጫ ሆነች። ቢሮዎች መጡ፣ ከሌላ አካባቢ የተመደቡ ሠራተኞች መጡ፣ ለእኛ ለባጃጆች ሥራ በዛ። ቆየት ብሎ ደግሞ ረቂቅ አዋጅ ወጣ። ከተማዋ የራሷን ምክር ቤት እንድትመርጥ፣ ከንቲባዋን ምክር ቤቷ እንዲሰይም፣ በጀቷን ራሷ እንድታጸድቅ የሚል ነው። ጋሼ አንድ ቅጂ አግኝቶ ወደ ቤት ይዞት የመጣበትን ምሽት አስታውሳለሁ። እራት እየበላን ለእትዬ እያነበበ ይተረጉምላታል። እሷ ከገጠር ከሺሺንዳ የመጣች ናት፤ በቋንቋችን በካፊኖኖ ሲነገራት ነው ነገሩ የሚገባት፤ ለነገሩ ከእኔ ይልቅ እሷ ጥያቄ ጠየቀች። «እኛስ እንመርጣለን?» አለችው። «እንዴት አንመርጥም!» አለ። ከዚያ ገጾቹን ወደ መጨረሻው ገለበጠ፣ አባሪውን በጣቱ ወደ ታች እየተከተለ አነበበ፣ እንደገና ከላይ ጀመረ።

አባሪው ላይ ለከተማው ምክር ቤት ተመራጭ የሚልኩት ቀበሌዎች ተዘርዝረዋል። የእኛ ሰፈር የለም።

ሰፈራችን ከወንዙ ማዶ ነው። ከከተማው ቁልቁል ወርደህ፣ ድልድዩን ተሻግረህ፣ ትንሽ ወጣ ስትል። መሬታችን በከተማው ፕላን ውስጥ ከገባ ቆይቷል። አጥር ለማጠር ከማዘጋጃ ቤት ፈቃድ እንጠይቃለን፣ ካርታ የሚሰጠንም የሚከለክለንም ከተማው ነው። ምርጫ ሲመጣ ግን በድሮው መዝገብ ከገጠር ቀበሌ ጋር ተቆጥረን ለወረዳው ነው የምንመርጠው። ረቂቁ በዚያው ከጸደቀ ከተማዋ ራሷን ታስተዳድራለች፣ እኛንም ታስተዳድራለች፣ እኛ ግን በእሷ ላይ ድምፅ የለንም። ሰፈራችን ያለው ልብስ ሰፊ ነገሩን ሲሰማ መርፌውን ከአፉ አውጥቶ «ስለዚህ እግሬ ከተማ፣ ራሴ ገጠር ነው በለኛ» አለ። ጋሼ ይህን አባባል ወደደው። ደብዳቤው ላይ ሊያስገባው ፈልጎ እትዬ ከለከለችው።

በክልሉ ቢሮ መዝገብ ቤት የጽሑፍ አስተያየት የሚቀበሉበት ቀን ተነግሮ ነበር፤ የመጨረሻው ረቡዕ እስከ ስድስት ሰዓት። ጋሼ «እኛ ከወንዙ ማዶ የምንኖር» ብሎ የሚጀምር ሁለት ገጽ ጻፈ፣ ለብቻው በሌላ ወረቀት የፊርማ ሰንጠረዥ አሰመረ። ከእያንዳንዱ ቤት አባወራው ወይም እማወራዋ ይፈርማሉ። እኔ የእሱ ቤት ነዋሪ ስለሆንኩ መፈረም አላስፈለገኝም። እሱ አሥራ ሰባተኛው ላይ ፈረመ።

አንደኛው መስመር ግን ባዶ ነበር። የመጀመሪያው ፈራሚ ልብስ ሰፊው ነው፤ እስክሪብቶውን ተቀብሎ ወረቀቱን አየና ሁለተኛው ላይ ፈረመ። «አንደኛው የአባባ ነው» አለ። አባባ የምንላቸው የሰፈሩን ታላቅ ነው። በእድር ስብሰባ መጀመሪያ የሚቀመጡት፣ በሽምግልና መጀመሪያ የሚናገሩት እሳቸው ናቸው። ከእሳቸው በፊት ማንም አይናገርም፤ መናገር የማይቻለውን ያህል መፈረምም አይቻልም ማለት ነው። ጋሼ ነገሩ ደስ አለው እንጂ አልከፋውም። «አባባ ላይኛው ላይ ካሉበት ወረቀቱ ክብደት አለው» አለ። እሳቸው ማንኪራ ጫካ ገብተው ቀፎ እያወረዱ ነበርና ሲመለሱ ይፈርማሉ ተባለ። ከዚያ በኋላ የገባንበት ቤት ሁሉ ማንም ሳይነግራቸው ባዶዋን መስመር አይተው «የአባባ ናት አይደል?» እያሉ ወደ ታች ይወርዱ ነበር።

ያን ሰኞ ሁለቱን ቤት በቶሎ ጨረስን። ሦስተኛው የእማማ ነው፤ ገበያ ላይ ቆጮ የሚሸጡ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ጋሼ የአሻራ ቀለሙን ከፍቶ አቀረበላቸው።

«ይህቺ ላይኛዋ ለምን ባዶ ሆነች?» አሉ።

«የአባባ ናት።»

«እሳቸው የታሉ?»

«ማንኪራ ናቸው። ማር እያወረዱ።»

«ማር ያወርዳሉ፣ ቡና ይለቅማሉ፣ ደግሞ ማር ያወርዳሉ። እኔ እንደምበልጣቸው ታውቃለህ ወይ አንተ መምህር?»

«ታዲያ እዚህ አንደኛው ላይ ያድርጉልኛ!»

«ሰው ምን ይለኛል! ወደ ታች አምጣልኝ።» አውራ ጣታቸውን ነክረው አተሙና ቀለሙን በቀሚሳቸው ጠርዝ ጠረጉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «አንተስ አትፈርምም?» አሉኝ።

«እሱ የኔ ቤት ነው» አለ ጋሼ።

«ትልቅ ሰው ሆኗል እኮ።»

«ሚስት ያግባና ይፈርም» አለ፣ ሁለቱም ሣቁብኝ።

ስንወርድ «ጋሼ፣ አንደኛው ላይ አንተ ራስህ ፈርመህ ለምን አንገላገልም?» አልኩት። «በዚህ ዕድሜዬ? ሰፈር ውስጥ መኖሬን ልተው ነው?» አለ። አባባ ነገ ማታ እንደሚገቡ ሰው ነግሮት ነበር። ረቡዕ ጠዋት አስፈርሞ በቀጥታ ወደ መዝገብ ቤት ሊሄድ አሰበ።

ማምሻውን ደብዳቤውን በንጹሕ ወረቀት ገለበጠ። ጽሑፉ የሰሌዳ ጽሑፍ ይመስላል፣ ሁሉም ፊደል እኩል ነው። መጨረሻው ላይ «አቅራቢ» ብሎ ስሙን ጻፈ፤ ፊርማውን ግን ስሰጥ እፈርማለሁ ብሎ ተወው። አንድ ዐረፍተ ነገር ላይ ቆመና ጠየቀኝ። «‹እንጠይቃለን› ይሻላል ‹እናሳስባለን›?» እኔ ምን አውቃለሁ። «እንጠይቃለን» አልኩ። «እኔም እንደዚያ ነው ያሰብኩት» አለና ጻፈው። ደረቱን በመዳፉ ሁለት ሦስት ጊዜ አሸት አሸት አደረገ። እትዬ ምን ሆንክ ስትለው ጎመኑ አልተስማማኝም አለ። እኔ «ባጃጅ ላይ ተጨናንቀህ ስለምትቀመጥ ነው» አልኩት። ሣቀ። ደህና እደር ተባብለን ወደ ክፍሌ ገባሁ።

ስለ ማክሰኞ ብዙ መጻፍ አልችልም። ሊነጋጋ ሲል እትዬ በሬን ደበደበች። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ነበር፣ ላብ በላብ ሆኗል። ደግፈን አወጣነውና ከኋላ አስቀመጥነው። እሷ ከጎኑ ሆና ያዘችው። ከሰፈራችን ወደ ሆስፒታሉ መንገዱ ዳገት ነው፤ ዝናብ አድሮበት ድንጋዩ ያንሸራትታል። ወፍጮ ቤቱ ጋ ስንደርስ እትዬ «ቁም» አለችኝ። ቀስ ብላ ነው ያለችው። አልቆምኩም። እንደገና አላለችኝም። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሞቹ ተቀበሉን፣ የሚሠራውን ሁሉ ሠሩ፣ ከዚያ ልቡ ነው አሉን። እኔ ግን የት እንዳረፈ አውቃለሁ። ወፍጮ ቤቱ ጋ ነው።

የእድሩ ጥሩምባ ተነፋ። በዘጠኝ ሰዓት ቀበርነው። ተማሪዎቹ ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ መጥተው ነበር። ሌላ አልጽፍም።

ረቡዕ ጠዋት ድንኳን ውስጥ ነበርኩ። ዝናቡ ሸራው ላይ እየተጠራቀመ ሲከብድ ሰዎች በእንጨት እየገፉ ያፈሱታል። ለቅሶ የሚደርሱ ከየቦታው ይመጣሉ፤ «እግዜር ያጽናህ» ይሉኛል፣ እኔ ራሴን እነቀንቃለሁ። የእናቴ ወንድም ከጎኔ ተቀምጧል። እሱንም ጋሼ ነው የምለው፣ እዚህ ግን እንዳይምታታ አጎቴ ልበለው። እጁን ጉልበቴ ላይ አድርጎ አያነሣውም።

አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይመስለኛል አባባ ገቡ። ማታ መግባት የነበረባቸው በዝናቡ ዘግይተው፣ ሞቱን መንገድ ላይ ሰምተው ነው። ሱሪያቸው እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ነው። አለቀሱ። ቆመው በካፊኖኖ ስለ ጋሼ ተናገሩ፤ ስሙን እየጠሩ፣ ቀፎ ሲሰቅሉ እንጨት ያቀብላቸው እንደነበር፣ ልጅ ሳለ። እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ከዚያ ፊት ለፊት ወንበር ተለቀቀላቸውና ተቀመጡ።

እሳቸውን ሳይ ነው ያ ክላሰር ትዝ ያለኝ። አፈርኩ። ወንድሜን በቀበርኩ ማግስት ወረቀት ማሰቤ አሳፈረኝ። ግን ቀኑ ረቡዕ ነው። እስከ ስድስት ሰዓት። ሌላ የሚያውቅ ሰው እንዳለ ለማየት ዙሪያውን አየሁ። ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ግማሾቹ ፈርመዋል፣ ልብስ ሰፊውም አለ፣ ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ። ሁሉም እንደሚያውቁ ገባኝ። ማንም ግን እኔ ፊት ሊያነሣው አልቻለም።

ተነሥቼ ወደ ጓዳ ሄድኩ። እትዬ ፍራሽ ላይ ከሴቶች መካከል ነች። ምን ብዬ እንደምጠይቃት ሳስብ እሷ አየችኝና «መደርደሪያው ላይ ነው» አለች። ክላሰሩን ይዤ ወጣሁ።

አጎቴ ሲያየኝ «ምንድን ነው እሱ?» አለ።

«ደብዳቤው ነው። ዛሬ ነው የሚሰጠው።»

«የት?»

«ከተማ። መዝገብ ቤት።»

«ሐዘን ላይ ነህ እኮ! ሳልስቱ ሳይወጣ ከድንኳን ወጥቶ ቢሮ ለቢሮ የሚዞር ሰው አይተሃል? ሌላ ሰው ይሂድ።»

«ይሂድ እንጂ፣ አንዱ ይሂድ» አለ የእድሩ ዳኛ። ግን ማን እንደሚሄድ አልተናገረም። ልብስ ሰፊው ጉሮሮውን ጠረገ። «መሄዱን እኔም እሄዳለሁ። ጥያቄ ቢጠይቁኝ ግን ምን እላለሁ? እግሬ ከተማ ራሴ ገጠር ብዬ ልመለስ?» ማንም አልሣቀም፤ እሱም ለማሣቅ አልነበረም።

«ደግሞ አልተሟላም» አልኩ። «አባባ አልፈረሙም።»

አባባ ቀና አሉ። «ምን ላይ?»

ሰዎቹ ወደ እኔ ዞሩ። እንግዲህ እኔ መናገር ነበረብኝ። ስለ አዋጁ፣ ስለ አባሪው፣ ድምፅ ስለሌለን በካፊኖኖ ተናገርኩ፤ እያቆምኩ፣ እየተመለስኩ፣ ጋሼ ለእትዬ ሲተረጉም የሰማኋቸውን ቃላት እየፈለግሁ። ወረቀቱን ዘረጋሁላቸው፣ ባዶዋን መስመር አሳየኋቸው። አባባ ረጅም ጊዜ አዩዋት።

«ይህ ሁሉ ሰው እኔን ሲጠብቅ ነበር?»

«አዎ አባባ።»

«እናንተ ሰዎች፣ እኔ እኮ የማንኪራ ሰው ነኝ።» ዙሪያውን አዩ። «ሁለት ዓመቴ ነው። ለቡናው ማኅበር ብዬ መታወቂያዬን ወደዚያ አዛውሬያለሁ። እዚህ ያለው ቤቴ ተከራይ ነው ያለበት። ተከራዩን አላስፈረማችሁትም?»

«አስፈርመናል» አለ ልብስ ሰፊው። «ሃያ ሁለተኛው ላይ።»

«ታዲያ እኔ ብፈርም ወረቀታችሁን ውድቅ ላደርገው ነው!»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሆነ፤ ለመጻፍ ትንሽ ይከብደኛል። ከሴቶቹ በኩል እማማ ድምፅ አሰሙ። «ማር ያወርዳሉ፣ ቡና ይለቅማሉ፣ አላልኩም?» አሉ። ከሰዎቹ አንዱ ሣቁ አመለጠው። ከዚያ ሌላው። አጎቴ ራሱ ፊቱን በነጠላው ሸፈነ፣ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እኔም ሣቅሁ፣ ወዲያው ደግሞ አለቀስኩ። አባባ ሣቃችንም ለቅሷችንም እስኪያልፍ ጠበቁ። በየእድሩ አንደኛ የሚቀመጡትን ሰው የት እንደሚኖሩ ያጣራ ማንም አልነበረም። ጋሼም አላጣራም፤ ሕግ የሚያስተምረው ጋሼ።

«እማማ ወደ ላይ ይዙሩና ያትሙ» አለ የእድሩ ዳኛ።

«አንድ ጊዜ አትሜያለሁ። ሁለት ሰው ነኝ ብዬ ልዋሽ?»

አባባ ወረቀቱን አጥፈው ወደ እኔ መለሱ። አጎቴን እያዩ «እሱ ይሂድ» አሉ። «ሌላው ሰው አያውቀውም። አሁን ሲናገር ሰምታችሁታል።» ከእሳቸው በኋላ የተናገረ የለም። አጎቴ እጁን ከጉልበቴ አነሣ። «ጃንጥላ ያዝ» ብቻ አለኝ።

ባጃጇ አጥሩ ጥግ ቆማ ነበር። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። አጠገቧ ደረስኩ፣ የኋላውን መቀመጫ አየሁ፣ በእግሬ ሄድኩ። ድልድዩን ተሻግሬ ዳገቱን ስወጣ ሁለት የማውቃቸው ሾፌሮች ቆሙልኝ። አንዱ «ግባ» አለኝ፣ ራሴን በእምቢታ ስነቀንቅ አልለመነኝም፤ እስከ ወፍጮ ቤቱ ድረስ ግን በዝግታ ከጎኔ ነዳ።

መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ በዕድሜ ከእኔ ብዙ አትበልጥም። ከሌላ አካባቢ ተመድባ እንደመጣች አነጋገሯ ያስታውቃል። ወረቀቱን ተቀብላ ገጾቹን ቆጠረች፣ ፊርማዎቹን በእስክሪብቶዋ ጫፍ አንድ በአንድ ነካች፣ ወደ ላይ ተመለሰች።

«አንደኛው ተራ ቁጥር ባዶ ነው።»

«አዎ።»

«ባዶ መስመር ያለበት አልቀበልም። በኋላ ሰው ቢጨመርበት እኔ ነኝ የምጠየቀው። ወይ ያስፈርሙበት፣ ወይ በመስመር ይሰርዙት።» ከመሳቢያዋ ማስመሪያ አውጥታ ሰጠችኝ።

ማስመሪያውን አስቀምጬ አሰመርኩ። ሰፈሩ በሙሉ እየዘለለ ያለፈውን ቦታ። መጨረሻው ላይ ጎበጠብኝ። የከበደኝ ግን እሱ አልነበረም።

«አቅራቢው እርስዎ ነዎት?» አለች።

«ወንድሜ ነው።»

«ፊርማው የለም። ራሱ መጥቶ ይፈርም። እስከ ስድስት ሰዓት አለን።»

«አይመጣም» አልኩ።

አየችኝ። ጥቁር ሸሚዜን፣ ያልተላጨ ፊቴን፣ በእጄ የጨበጥኩትን ነጠላ። «መቼ?» አለች።

«ትላንት።»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ከኋላዋ የነበረው ሌላ ሠራተኛ ፋይል ማገላበጡን አቆመ። «እግዜር ያጽናህ» አለችኝ። አንተ ማለት ጀመረች። «የትኛው ነው? መምህሩ? ሁለት ጊዜ መጥቶ ነበር። ‹ብዘገይ እንዳትዘጉብኝ› ብሎኝ...» አልጨረሰችውም።

«በእሱ ፈንታ ልፈርም እችላለሁ? እንደ ወኪል።»

ትንሽ አሰበች። «አትችልም። ሰውየው ካረፈ ውክልና የለም። አቅራቢ የምትሆነው በራስህ ነው፤ ነዋሪ ከሆንክ።»

«የእሱን ስም መሰረዝ አለብኝ?»

«ከአቅራቢው ቦታ፣ አዎ። ከፈራሚዎቹ ግን አይነካም። ሲፈርም በሕይወት ነበር።»

ይህን ስትል እንባዬ ሊያመልጠኝ ነበር። ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ከዚያ ተመለስኩና በዚያችው ማስመሪያ ያንን እኩል እኩል የሰሌዳ ጽሑፍ ሰረዝኩ። ስሙ ከመስመሩ ሥር ይነበባል። ከጎኑ የእኔን ስም ጻፍኩ፣ ፈረምኩ። ከባንክ ደብተርና ከመንጃ ፈቃድ ሌላ ፊርማዬ የትም አልነበረም፤ ወረቀቱ ላይ ትንሽ ሆኖ ታየኝ። ልጅቷ ማኅተሙን መታችበት፣ የገቢ ቁጥሩን በቁራጭ ወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ። «ውይይት ሲኖር አቅራቢው ይጠራል» አለች። «ስልክህን ጻፍልኝ።» ጻፍኩላት። ሰዓቱ አራት ከሃያ ነበር።

ይህን በምጽፍበት ጊዜ ረቂቁ አልጸደቀም፣ ውድቅም አልሆነም። አልደወሉልኝም። ስልኬን ግን ቤት ትቼ አልወጣም።

ወደ ድንኳኑ ስመለስ ዝናቡ አባርቶ ነበር። አጎቴ ቦታዬን ለሌላ ሰው ሳይለቅ ጠብቆልኛል። ልብስ ሰፊው «ተቀበሉን?» አለ፣ «ተቀበሉን» አልኩ፣ ነገሩ ከወንበር ወንበር እየተዛመተ እስከ ሴቶቹ ደረሰ። ወደ ጓዳ ብቅ ስል እትዬ ፊቷን ሳታነሣ «ስሙ አለበት?» አለችኝ። የሰረዝኩትን አልነገርኳትም፤ ወደፊት እነግራታለሁ። «አሥራ ሰባተኛው ላይ አለ» አልኳት። ራሷን ነቀነቀች።

ንፍሮ የሚቀቅሉት ሴቶች ውሃ አለቀ ሲሉ ሰማሁ። ሐዘንተኛ ውሃ አይቀዳም፤ ግን ጄሪካኑን አነሣሁ፣ ማንም አልከለከለኝም። ወደ ወንዙ ወረድኩ።